ስለ ዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ስለ ጭነት መኪና ፍሬን

ከጎጃም እህል የሚያስመጡ፣ ወደ ጎጃምም ሸቀጥ የሚልኩ ነጋዴዎች ሁሉ የዓባይን በረሃ በስም ያውቁታል። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው በመዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ መኪናው የተነሣበትንና አዲስ አበባ የገባበትን ሰዓት እንጽፋለን እንጂ በመካከሉ ሾፌሩ ምን እንደሚሠራ አንጠይቅም። ስለዚህ በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለምን እንደሚከዳ፣ አደጋውንም የሚከላከለው ልማድ የትኛው እንደ ሆነ ለክቡራን አንባቢዎች ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ ታይቶኛል።

መንገዱ ከደጀን አፋፍ ተነሥቶ በጃፓን መንግሥት እርዳታ እስከ ተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶም ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ የሚያህል ዳገት ይጠብቃል። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፣ የሚፈጠረው ሙቀት ከ800 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በጥቂት ታምቡሮችና በፍሬን ሸራዎች ላይ ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ እንደ ሆነ ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፤ በአየር የሚሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ሾፌሩ ቶሎ ቶሎ በረገጠ ቁጥር የተጠራቀመው አየር ይጎድላል። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ አንዳች የተበጠሰ ነገር ሳይኖር ነው።

መድኃኒቱ ሞተሩ ነው። መኪናው በከባድ ማርሽ ሲወርድ፣ እግርም ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል፤ እንደ ፍሬን ሸራም በሙቀት አይከዳም። የቀድሞ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። የዛሬ ሞተሮች ኃይለኞች ስለ ሆኑና ዳገቱን በቀላል ማርሽ ስለሚወጡት ግን፣ ለመውረድ ከዚያ የከበደ ማርሽ መምረጥ ይገባል። ምርጫውም በአፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር መሆን አለበት፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ የሚሞክር ሾፌር፣ ማርሹ አልገባ ብሎት በዜሮ ሊቀር ይችላል። ፍሬኑ ለማገዝ ብቻ ይሁን። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውረድ የወሰነ ሰው 30 ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ይርገጥ፣ ወደ 20 ሲወርድ ፈጽሞ ይልቀቅ፤ እግሩን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ያለ ዕረፍት ማቃጠል ነው።

ጭስ ወይም የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ለጎማውም ታኮ ማድረግ፣ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ታኮ የሆነውን ድንጋይ መንገድ ላይ ትቶ መሄድም በሌሊት ለሚመጣው ሰው ወጥመድ መተው ነው፤ ይህን ክፉ ልማድ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቈጠርሁትም።

እኔ ጸሐፊው በዚህ ነገር ከነቀፋ ነጻ አይደለሁም። በምሠራበት የንግድ ቤት የናፍታውን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ከሾፌሮቻችን አንዱ ከባልንጀሮቹ ያነሰ ናፍታ ይፈጅ ስለ ነበር በየወሩ ማበረታቻ እንዲከፈለው ለጌታዬ አሳስቤ ተፈቀደለት። በ2006 ዓ.ም. ይኸው ሰው ጤፍ ጭኖ ከደጀን ሲወርድ ፍሬኑ ጨሶ እንቢ አለው፤ መኪናውንም ከተራራው ጋር እያፋተገ በመከራ አቆመው። ሰው አልሞተም፤ የረዳቱ ክንድ ግን ተሰበረ። ሲጠየቅ፣ ናፍታ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ሁሉ በዜሮ ማርሽ ይወርድ እንደ ነበር ተናገረ። ይህን ልማድ ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ፤ በብዕሬ።

የሚያሳዝነው፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ ቁጠባው ከንቱ መሆኑ ነው። በለዘብተኛ ቁልቁለት በዜሮ መንከባለል ጥቂት ናፍታ ያተርፍ ይሆናል። በዓባይ በረሃ ግን በማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለ ሆኑ ናፍታው ይቋረጣል፤ በዜሮ የሚወርደው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍታ መፍጀቱን አይተውም።

ከዚያ ወዲህ ማበረታቻው ለናፍታ መሆኑ ቀርቶ የፍሬን ሸራው ብዙ ዘመን ለቆየለት ሾፌር ሆነ። ጭነቱ በግምት መጻፉ ቀርቶ በሚዛን ሆነ፤ በማዘዣው ላይ እጽፈው የነበረውን «ሳይነጋ ይድረስ» የሚለውን ቃልም ሰረዝሁት። ጤፉ ዛሬ ከቀድሞው አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል፤ በዚህ ምክንያት ደንበኛ የመለሰው አንድም ኩንታል እስካሁን የለም።