ያውቁ ኖሯል? በሶንግ ኩል ዳር የሚያድር እንግዳ

በኪርጊስታን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,016 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሶንግ ኩል ሐይቅ ዙሪያ፣ አርብቶ አደሮች የሚሰፍሩት ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ማደሪያቸው ዩርት ይባላል፤ የእንጨት አውታሩ በሰዓታት ውስጥ ተተክሎ፣ እርጥብ የበግ ሱፍ እየተረገጠና እየተጠቀለለ በሚሠራ ወፍራም ልባስ ይሸፈናል። ዩርት የመሥራት ሙያ በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ የሚገባው ክብርም ነው። የጣሪያው ክብ አናት ደግሞ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ መካከል ይታያል።

እንግዳ የሚቀመጠው ከበሩ ትይዩ ባለው የክብር ስፍራ ሲሆን፣ ኩሚስ የተባለ፣ ተብላልቶ የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ይቀርብለታል። ጥቂት አልኮል አለው። ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ ሜዳ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። ሌሊቱ በሐምሌም ውርጭ ሊጥል ስለሚችል፣ ለማደር ካሰቡ ወፍራም ልብስ ይያዙ።