በኪስ የሚያዝ የሚሞላ ቬፕ፦ አጫሹ ምኑን አይቶ ይምረጥ?

በብሪታኒያ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ቬፕ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተከልክሏል። ቤልጅየም በዚያው ዓመት መግቢያ፣ ፈረንሳይም በፌብሩዋሪ ወር ተመሳሳይ እገዳ ጥለዋል። ለውጡ በየመደብሩ መስኮት ጎልቶ ይታያል፤ የሚጣሉት ቬፖች ተደርድረውበት በነበረው መደርደሪያ ላይ ዛሬ ባትሪያቸው እየተሞላ፣ ፈሳሻቸውም ከጠርሙስ እየተቀዳ ለወራት የሚያገለግሉ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚደበቁ አነስተኛ መሣሪያዎች ተተክተዋል። ገበያው «ፖድ» ይላቸዋል፤ ስሙን ያገኙት ፈሳሹን ከሚይዘው ተነቃይ ትንሽ ዕቃ ነው።

ሻጭ ስለ ቀለማቸውና ስለ ጣዕማቸው ብዙ ያወራል። ማንጎው ከእንጆሪው ይሻላል ወይ የሚለው ክርክር ግን ለገዢው ጤና የሚፈይደው ነገር እምብዛም ነው። መሣሪያው በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ነገር በእጅጉ የሚወስኑት በማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉት ቁጥሮች ናቸው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ኒኮቲን፣ የማሞቂያው ሽቦ ኦም፣ መሣሪያው የሚሠራበት ዋት።

ከቁጥሮቹም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ገዢው ሲጋራ ያጨሳል ወይስ አያጨስም? ሲጋራ ለማያጨስ ሰው ጥሩ ቬፕ የሚባል ነገር የለም። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ዕድገቱን ባልጨረሰ የወጣት አእምሮ ላይም ጉዳት ያደርሳል። ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት መሠረት፣ በአገር ቤት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች አምስት በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በባዕድ አገር ቬፕ በጓደኛ እጅ የሚቀርብለት ሰው፣ እንግዲህ፣ ከሲጋራ ለመላቀቅ የሚታገል ሳይሆን ሲጋራ ከንፈሩን ነክቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሺሻ «በውኃ ተጣርቷል» እየተባለ ስንቱን እንዳለማመደ ለሚያውቅ፣ «ጢስ ሳይሆን እንፋሎት ነው» የሚለው ግብዣ አዲስ አይሆንበትም። ከዚህ በታች የሚነሱት ነጥቦች የሚመለከቱት ሲጋራ የሚያጨስና ሊተወው የሚፈልግ አዋቂን ነው።

በሲጋራና በቬፕ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የቡናውን ሥነ ሥርዓት ማሰብ ይበቃል። ከማጨሻው የሚወጣው የዕጣን ጢስ የመቃጠል ውጤት ነው፤ ከጀበናው አፍ የሚወጣው ግን የፈላ ውኃ እንፋሎት ነው። ሲጋራ በሚሳብበት ቅጽበት የፍሙ ሙቀት እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ትምባሆው ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ታር የተባለው ዝፍት መሰል ነገርና ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ፤ ከእነዚህ ቢያንስ 69ኙ ካንሰር አምጪ ናቸው። ቬፕ ግን ምንም አያቃጥልም። ራሳቸው ብርቱ አጫሽ የነበሩት ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ እ.ኤ.አ. በ2003 ዘመናዊውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሲሠሩ ዋናው ሐሳባቸው ኒኮቲኑን ከእሳቱ መለየት ነበር።

ይሁንና የጀበናው ምሳሌ ብዙ ርቀት አያስኬድም፤ ከቬፕ የሚወጣው ጉም ውኃ አይደለምና። ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተባሉ ፈሳሾች፣ ኒኮቲን፣ የጣዕም ኬሚካሎች፣ ከሽቦውም የሚለቀቁ የብረት ርዝራዦች ይገኙበታል። ከሲጋራ ጢስ ያነሰ መርዝ መያዙ ከመርዝ ነጻ አያደርገውም።

መሣሪያው ሲጋራ ለማስተው ይረዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ በቂ ማስረጃ አለ፤ ማስረጃውም የተገኘው በአጋጣሚ በሚሞላው ዓይነት ላይ ነው። በለንደን የኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ፒተር ሃይክና ባልደረቦቻቸው 886 አጫሾችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ የሚሞላ መሣሪያና 18 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ተሰጥቷቸው፣ ሲያልቅ እንደ ፍላጎታቸው እየመረጡ እንዲገዙ ተነገራቸው። ሌሎቹ እንደ ፕላስተርና ማስቲካ ያሉትን የኒኮቲን ምትኮች ወሰዱ። ሁለቱም ወገን በየሳምንቱ የባለሙያ ምክር ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን እንደታተመው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከቬፕ ተጠቃሚዎቹ 18 በመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 9.9 በመቶው ሲጋራ ትተው ተገኙ።

ከውጤቱ ሥር ያለው ቁጥር ግን በማስታወቂያ ላይ አይወጣም። በቬፕ አማካይነት ሲጋራ ከተዉት መካከል 80 በመቶው ዓመቱ ሲያልቅም ቬፑን እየሳቡ ነበር፤ በምትኮቹ ከተዉት መካከል ግን ምትኩን ይዘው የቆዩት 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቬፕ ከሲጋራ ማውጣቱ እውነት የሆነውን ያህል እሱም በተራው አጥብቆ ይይዛል።

በምርጫው ሂደት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኒኮቲኑ መጠን ላይ ነው። «ትንሽ ኒኮቲን ይሻለኛል» ብሎ 3 ወይም 6 ሚሊ ግራም የሚገዛ ብርቱ አጫሽ ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለዋል። በለንደን ሳውዝ ባንክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ20 ተጠቃሚዎች ላይ አድርገውት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አነስተኛ ጥናት የተለየ ነገር አሳይቷል። ፈሳሹ ከ18 ወደ 6 ሚሊ ግራም ሲወርድባቸው ሰዎቹ አዘውትረውና አስረዝመው መሳብ ጀመሩ፤ የጉጉት ስሜታቸውም ለፎርማልዴሃይድ መጋለጣቸውም ጨመረ። ሰውነት የለመደውን ኒኮቲን እስኪያገኝ ድረስ ይጎትታል፤ ካላገኘም ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ከእንቅልፉ በነቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንካራ ነውና ከ18 እስከ 20 ሚሊ ግራም ባለው ቢጀምር ይሻለዋል። በቀን ጥቂት ፍሬ የሚያጨስ ከ6 እስከ 12 ባለው ይበቃዋል። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና የልብ መምታት ከመጡ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው።

«የኒኮቲን ጨው» የሚለው ጽሑፍም ማብራሪያ ይፈልጋል። ለወጥ የሚጨመረው ጨው አይደለም፤ ኒኮቲኑ እንደ ቤንዞይክ ባለ አሲድ ተለዝቦ ጉሮሮን እንዳይቧጥጥ የተደረገበት ዝግጅት ነው። ለአጫሹ ሽግግሩን ያቀልለታል። ነገር ግን ያው ልስላሴ ጀማሪን ሳያስለው ብዙ ኒኮቲን እንዲውጥ የሚያስችል በር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲወስን፣ እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚህ መጠን በላይ ያለውን አግዳለች። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ ስለሌለ 50 ሚሊ ግራም ያለው ፈሳሽ በሱቅ ይገኛል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን ጠርሙስ በፍራንክፈርት የሚሞላ ሰው ከለመደው ከእጥፍ በላይ እየሳበ ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩ ቁጥር ኦም ነው። በፖዱ ውስጥ ፈሳሽ የሚመጥ ጥጥና «ኮይል» የተባለ የሚግል ሽቦ አሉ። የሽቦው ተቃውሞ በኦም ይለካል፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ኤሌክትሪኩ በብዛት ያልፋል፤ ሙቀቱም ጉሙም ይጨምራል። ስሌቱ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው፤ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ይካፈላል። 3.7 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ በ1 ኦም ሽቦ ላይ ወደ 14 ዋት፣ በ0.5 ኦም ላይ ወደ 27 ዋት ያወጣል። ኒኮቲኑ ከፍ ያለ ፈሳሽ ከ0.8 እስከ 1.2 ኦም ካለው ኮይል ጋር ይስማማል፤ አሳሳቡም እንደ ሲጋራ በመጀመሪያ ወደ አፍ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ነው። ዝቅተኛ ኦም ያለው፣ ደመና የሚያስወጣው ዓይነት ከ20 ሚሊ ግራም ፈሳሽ ጋር ሲጣመር ራስ ያዞራል፤ ሲጋራን ለመተካትም አይሆንም።

ቡና የሚቆላ ሰው ምጣዱን ሳያማስል ጥቂት ቢዘገይ የሚሆነውን ያውቃል። በኮይሉም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ጥጡ ሲደርቅ ሽቦው የቀረውን ፈሳሽ ያሳርረዋል፤ ግሊሰሪኑና ፕሮፒሊን ግላይኮሉም ተሰባብረው አክሮሊንና ፎርማልዴሃይድ ይሆናሉ። ደግነቱ የአረረው ጣዕም ወዲያው ያስታውቃል፤ ያን ጊዜ መሳብ ማቆም ይገባል። ስለዚህ ፈሳሹ ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ የሚታይበት ፖድ ከማይታየው ይመረጣል። አዲስ ኮይል ከተሞላ በኋላ ጥጡ እስኪርስ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። የአንድ ኮይል ዕድሜ ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ ጣፋጭ ፈሳሽ ያሳጥረዋል። መሣሪያው ርካሽ ሆኖ መለዋወጫው በሰፈር ካልተገኘ፣ ገዢው አንዱን ያረረ ኮይል እየሳበ ሊሰነብት ነው። ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የፖዱን ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ስለ ፈሳሹ ሲነገር የ2019ኙ የአሜሪካ ወረርሽኝ ይታወሳል። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ፤ የሟቾቹ ቁጥር 68 ነበር። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በዋነኛነት ተጠያቂ ያደረገው ከመደበኛው ገበያ ውጭ በተገኙ የካናቢስ ቬፖች ውስጥ የተጨመረውን የቫይታሚን ኢ አሲቴት ዘይት ነው። የሚሞላ መሣሪያ ማንኛውንም ፈሳሽ ይቀበላል፤ ጥቅሙም አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ዘይትነት ያለው ነገር፣ ምልክት የሌለው ጠርሙስ፣ በቤት የተቀመመ ውሁድ ፖድ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ጠርሙሱ ራሱ በቤት ውስጥ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 በኒውዮርክ ግዛት አንድ ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ጠጥቶ ሞቷል፤ በ2016 መግቢያ የአሜሪካ መንግሥት ጠርሙሶቹ ሕፃናት የማይከፍቷቸው እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሕግ አጸና። የፍራፍሬ ሽታና የከረሜላ ቀለም ያለው ፈሳሽ ለሕፃን ጭማቂ ነው። በቡና ጠረጴዛ ወይም በእጅ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከፍ ባለ፣ በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጣል፤ እጅ ላይ የፈሰሰም ወዲያው በውኃና በሳሙና ይታጠባል።

ስለ ባትሪው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከ800 እስከ 1,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ለአንድ ቀን ይበቃል፤ በኪስ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ መዝጊያ ቁልፍ ያለው ይመረጣል።

አንድ ልማድ ግን የመሣሪያውን ጥቅም ሁሉ ያጠፋዋል፤ ቀን ቬፕ፣ ማታ ሲጋራ። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ሰፊ ግምገማ እንዳመለከተው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው የሚሸከመው ተጨማሪ የልብ ሕመም ስጋት፣ ሃያ የሚያጨሰው ሰው ካለበት ስጋት ግማሽ ያህል ይደርሳል። ከሃያ ወደ ሦስት የወረደ ሰው ደስታው ተገቢ ነው፤ ልቡ ግን ገና አላረፈም። ነፍሰ ጡር የሆነችና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከመደብር ሻጭ በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

የተጠቃሚው መኖሪያም ምርጫውን ይገድበዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፖዱ ከ2 ሚሊ ሊትር፣ ኒኮቲን ያለው ጠርሙስ ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። በአሜሪካ የገዢው ዕድሜ ቢያንስ 21 መሆን አለበት፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ እንዲሸጡ የፈቀደላቸው ጥቂት ቬፖችም በፋብሪካ ተሞልተው የሚመጡ እንጂ በእጅ የሚሞሉ አይደሉም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ሽያጩን በደንብ ሥር ፈቅደዋል፤ ኳታር ግን ትከለክላለች። በዱባይ በሕግ የተገዛ መሣሪያ በዶሃ ሊያስጠይቅ ይችላል ማለት ነው።

በኢትዮጵያም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ ይከለክላል። በበዓል ሰሞን ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ኮይሉ ቢያርርበት ወይም ፈሳሹ ቢያልቅበት የሚተካበት ሕጋዊ ሱቅ የለም፤ ሲጋራ ግን በየመንገዱ ጥግ በፍሬ ይሸጣል። ከሲጋራ ገና በቅርቡ ለተላቀቀ ሰው የጉዞው ከባድ ፈተና ይህ ነው። ከመነሳቱ በፊት ከሚኖርበት አገር ፋርማሲ ለቆይታው የሚበቃ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ይዞ መሄድ ይችላል፤ ሁለቱም ባትሪም ፈሳሽም አያስፈልጋቸውም።