ሞተሩ እየሠራ ባትሪ አይነቀልም

አንድ ተማሪያችን «የአጎቴ ሞተር ሳይክል መብራቱ ሁሉ ባንዴ ተቃጠለ» አለን። ምን ሲያደርጉ እንደነበር ስንጠይቀው ነገሩ ገባን። ዲናሞው ባትሪ መሙላቱን ለማወቅ ብለው፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅለውታል። ሞተሩ ስላልጠፋ «ዲናሞው ደህና ነው» ተባለ። ግን አምፖሉ፣ ፍሬቻውና የስልክ ቻርጀሩ አብረው ሄዱ። ያ ቤት የሚበላው በዚያች ሞተር ነው።

ይህን ፍተሻ ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ምክንያቱን እንይ። ዲናሞ ጥቅል ሽቦ ነው። በጥቅል ሽቦ የሚያልፍ ከረንት ድንገት ሲቋረጥ ሽቦው እሺ አይልም፤ ከረንቱን ለማስቀጠል ቮልቴጁን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየን ኢንዳክሽን ማለት ይኸው ነው። ካንዴላ ብልጭ የሚለውም በዚሁ ጠባይ ነው፤ እዚያ ጠቀመን፣ እዚህ ጎዳን።

ሬጉሌተሩ ቮልቴጁን 14 አካባቢ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ለድንገተኛ ለውጥ ቶሎ አይደርስም። በዚያች ቅጽበት ትርፉን የሚውጠው ባትሪው ነው። ባትሪው ከተነቀለ ትርፉ መሄጃው አምፖሉና ሲዲአዩ ነው። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ መከላከያ ከሌለ ዝላዩ ከ80 ቮልት ሊያልፍ ይችላል።

«ፊዩዝ አለው አይደል?» ትሉ ይሆናል። ፊዩዝ የሚቀልጠው ብዙ ከረንት ሲያግለው ነው፤ ሽቦ እንዳይነድ እንጂ ቮልቴጅ እንዳይዘል አይጠብቅም። እስኪቀልጥ ድረስም ዝላዩ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

ታዲያ ዲናሞን በቮልት መለኪያ ፈትሹ፣ ገመድ ሳትነቅሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ አትንዱት። እኛ ዘንድ ደግሞ ክረምት ሲመጣ የመፋዛ ጥቁር ጭቃና ጉድጓድ የባትሪውን ብሎን ያላላዋል። የላላ ገመድ በየጉድጓዱ እንደተነቀለ ቁጠሩት፤ አጽድታችሁ አጥብቁት። በሻሲው ላይ ብየዳ ካለም ሞተሩን አጥፍታችሁ ባትሪውንና ሲዲአዩን ንቀሉ። ያኔ መንቀል ትክክል ነው!

ተጨማሪ መብራት በሪሌ የምታስገቡ ከሆነ፣ የሪሌው ጥቅል ሽቦ ሲጠፋ የራሱ ዝላይ አለው። 1ኤን4007 የሚባለውን ርካሽ ዲዮድ በሁለቱ የጥቅል ሽቦ ጫፎች ላይ እሰሩ፣ ነጩ ቀለበት ወደ ፖዘቲቭ። ከተገለበጠ ፊዩዙን ይበላል።

መምህራን ይህን በክፍል ማሳየት ይችላሉ። ከቴስተር ውስጥ ትንሿን ኒዮን አምፖል አውጥታችሁ በሪሌው ጥቅል ሽቦ ጫፎች ላይ እሰሩ። ኒዮን ከ60 ቮልት በታች አትበራም። በ12 ቮልት ባትሪ ሪሌውን አብሩና ገመዱን አላቁ፤ ጨለም ያለ ቦታ ከሆነ ብልጭታዋ ይታያል። ከዚያ ዲዮዱን ጨምራችሁ ድገሙት። ባዶውን ጫፍ ግን በጣት አትንኩ።