መሣሪያ የማይታጠቅ ሻምበል

ካቶሊካዊ የሠራዊት ካህን ከሀገረ ስብከቱ በጳጳሱ ፈቃድ ተለቆ በጦሩ መካከል ለወታደሮች የሚያገለግል ቄስ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሠራዊት የመኮንን ማዕረግ ቢኖረውም ጦር አይመራም፣ መሣሪያም አይታጠቅም። የ1949 (ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጄኔቫ ስምምነቶችም ከተዋጊ አይቆጥሩትም፤ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ የጦር ምርኮኛ ሳይሆን፣ ምርኮኞችን ለማገልገል ብቻ የሚቆይ ሰው ነው ይላሉ። ይህ ድንጋጌ ቀለሙ ሳይደርቅ በኮሪያ ተፈተነ፤ ፈተናው ከደረሰባቸው አንዱ አባ ኤሚል ካፖን ነበሩ።

በ1916 በካንሳስ ግዛት በፒልሰን መንደር ከቼክ ተወላጅ ገበሬዎች የተወለዱት አባ ካፖን በ1940 ክህነት ተቀብለው፣ በበርማና በሕንድ ካገለገሉ በኋላ፣ በ1950 ፈረሱ ቀርቶ ስሙ ብቻ ከተረፈው ከ8ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ጋር ኮሪያ ዘመቱ። ጠረጴዛ በሌለበት በጂፕ መኪና ኮፈን ላይ ቀደሱ፣ ኑዛዜ ተቀበሉ፣ በሞት አፋፍ ላይ ያሉትን ቅብዓ ሕሙማን ቀቡ፣ ለሟች ቤተሰቦችም ደብዳቤ ጻፉ።

በኅዳር መጀመሪያ የቻይና ጦር በሰሜን ኮሪያ ኡንሳን ላይ ሬጅመንቱን ሲከብብ፣ ማምለጥ እየቻሉ ከቁስለኞች ጋር ቀሩ፤ አንድ የጠላት ወታደር በቆሰለ አሜሪካዊ ላይ የደገነውን ጠመንጃ ገፍተው፣ ቁስለኛውን ተሸክመው ወደ ምርኮ ሄዱ። በያሉ ወንዝ ዳር በሚገኘው የፕዮክቶንግ ካምፕ ሕጉ የሰጣቸው ልዩ ጥበቃ አልሠራላቸውም፤ ይሁን እንጂ ሕጉ ስለ ሥራቸው የተናገረውን፣ ማለትም ምርኮኞችን ማገልገልን፣ ከማንም በላይ የፈጸሙት እርሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ከጣራ ቆርቆሮ ድስት ቀጥቅጠው ውሃ አፈሉ፣ ተቅማጥ የያዛቸውን ሰዎች ልብስ አጠቡ፤ እህል ሊሰርቁ ሲወጡም በክርስቶስ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ የፈያታዊ ዘየማንን አማላጅነት ይለምኑ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ ጠባቂ ቅዱስ ማግኘት በእርግጥ ያስቸግራል። የሠራዊት ካህን ለሌላ እምነት ተከታዮችም አለኝታ የመሆን ግዴታ አለበትና፣ አገልግሎታቸው በካቶሊኮች አልተወሰነም፤ በአካል ያላያቸው አንድ አይሁዳዊ አብራሪ ከምርኮኞቹ በሰማው ብቻ ተነሣስቶ ለመታሰቢያቸው ከእንጨት መስቀል ቀርጿል።

በ1951 የትንሣኤን ጸሎት ከመሩ ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 23 ቀን፣ ምርኮኞች የሞት ቤት ይሉት በነበረው «ሆስፒታል» አረፉ። አሜሪካ በ2013 ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ ሰጠቻቸው፣ አፅማቸውም በ2021 ተለይቶ በዊቺታ ካቴድራል አረፈ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን ከጀግንነት ሌላ መመዘኛ አላት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2017 ከሰማዕትነት የተለየ፣ ስለ ሌሎች ፍቅር ሕይወትን በፈቃድ አሳልፎ መስጠት የሚባል የቅድስና መንገድ ደነገጉ፤ በ2025ም አባ ካፖን በዚሁ መንገድ «ክቡር» ተብለዋል፤ ብፁዕ ለመባል በአማላጅነታቸው የተፈጸመ አንድ ተአምር መረጋገጥ ይኖርበታል።