«ፕሪፌስ»፣ ሙቀዲማ እና መቅድም

በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ራስ ላይ የምናገኘው «ፕሪፌስ» ምንጩ ላቲን ሲሆን በፈረንሳይኛ በኩል የተወረሰ ነው። «አስቀድሞ» እና «መናገር» ከሚሉ ሁለት ቃላት ስለ ተዋቀረ፣ ጥሬ ፍቺው «አስቀድሞ የተነገረ» ይሆናል። ኋላ የመጣው «ፎርወርድ» («ቅድመ ቃል» እንደ ማለት ነው) ከዚህ አሳብ አልራቀም።

ዐረብኛው «ሙቀዲማ» ግን ከንግግር አልተነሣም፤ መሠረቱ መቅደም ነው። ከዋናው ሠራዊት ፊት የሚጓዘው ጦር «ሙቀዲመቱል ጀይሽ» ይባላል። በመንጢቅ ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ ድምዳሜ የሚቆምበት መነሻ አሳብ ነው። ልዩነቱ ለቃላት ወዳጆች ብቻ የተተወ አይደለም። ኢብን ኸልዱን በ779 ዓመተ ሂጅራ (1377 እ.ኤ.አ.) በቀልዐት ኢብን ሰላማ ሳለ የጻፈውን ሙቀዲማ «ፕሪፌስ» ብንለው፣ አንባቢ ዘልሎት ወደ «ኪታቡል ዒበር» ትረካ ሊያልፍ ይችላል። ደራሲው ግን የታሪክ ዘገባ እውነትና ሐሰት የሚለይበትን ሚዛን ያኖረው እዚያው ነው።

ዴ ስላን በ1860ዎቹ ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልሰው «ፕሮሌጎሜን» የሚለውን የግሪክ ቃል መረጠ፤ እርሱም ዞሮ ዞሮ «አስቀድሞ የሚነገር» ነው። ፍራንዝ ሮዘንታል በ1958 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ዐረብኛውን ስም እንዳለ አቆይቶ «የታሪክ መግቢያ» የሚል ንኡስ ርእስ አከለለት። እኛም ይህን እናስበልጣለን።

በአማርኛ ችግሩ ይቀልላል። ከግእዙ «ቀደመ» የወጣው «መቅድም» ለሙቀዲማ የሥር ወንድሙ ነውና። ይሁን እንጂ የመንጢቁን ፍቺ አይሸከምም፤ በዚያ ስፍራ «መነሻ አሳብ» ብለን እንተረጉማለን።