ከወረንጦ እስከ ሐር ክር

አንዲት ሽፋሽፍት ዓይን ውስጥ ስትገባ ምን እንደሚሰማ የማያውቅ የለም። ሰው የያዘውን ሥራ ጥሎ ዓይኑን ያሻል፣ እንባው ይወርዳል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «እስቲ እፍ በልልኝ» ይላል። አሁን ያቺ ሽፋሽፍት ተነቅላ የወደቀች ሳትሆን ቆቡ ላይ በቅላ ጫፏ ወደ ውስጥ የዞረ ናት እንበል። አንድም ብቻ አይደለችም፤ አምስት፣ ስድስት ናቸው። ሰውየው ዓይኑን በከደነና በገለጠ ቁጥር ብሌኑን ይፍቁታል። እፍ ቢሉት የሚወጣ ነገር የለም። ፀሐይ ይወጋል፣ የምድጃ ጭስ ያሰቃያል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ፍቀቱ ሲበዛ ጥርት ያለው የዓይን ሽፋን ይቆስላል፣ ቁስሉ ነጭ ጠባሳ ይሆናል፣ ብርሃንም በዚያው ይጠፋል።

ሐኪሞች «ትራይኪያሲስ» ይሉታል። በገጠር ግን «ዓይኔ ውስጥ ፀጉር ገባ» ነው የሚባለው፤ አባባሉ ከሐኪሞቹ ቃል ይልቅ ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። ትራኮማ ሲቆይ የሚደርስበት ደረጃ ነው። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ያን ያህል አይጎዳም፤ ክፋቱ መመላለሱ ነው። በልጅነት ደጋግሞ የተቆጣ የዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳው ከዓመት ዓመት እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ልጅ ሳለች የያዛት በሽታ ሴትዮዋን ዓይኗን የሚያሳጣት የልጆች እናት ከሆነች በኋላ ነው። «ሴትዮዋን» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጅ የምታዝለውና የልጅ አፍንጫ የምትጠርገው እሷ በመሆኗ ከሕፃናቱ ደጋግማ ትያዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በትራኮማ ዓይነ ስውር የሚሆኑ ሴቶች ከወንዶቹ እስከ 4 እጥፍ እንደሚደርሱ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የአማራ ክልል ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል፤ የሀገሪቱ አማካይ 40.1 በመቶ ነበር። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው የተመዘገበው እንግዲህ የሀገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ባለበት ክልል ነው። ከጣና ዳር ተነስቶ ወደ መራዊ ወይም ወደ አዴት የሚሄድ መንገደኛ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ፀጉር ዓይኗ ውስጥ የገባ እናት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነበር። ስለ ትራኮማ ዛሬ ዓለም ከሚያውቀው ቀላል የማይባለው ክፍል ከዚሁ ከጎጃም የተገኘ መሆኑም ከዚህ የተነሳ ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ፣ የካርተር ማዕከልና የለንደን የሥነ ንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች አብረው ያነሷቸው ጥያቄዎች ሲሰሟቸው የተራ ሰው ጥያቄ ይመስላሉ። በወረንጦ መንቀል ይበቃል ወይስ ቆቡን መቀደድ ያስፈልጋል? በየትኛው ክር ይሰፋ? ቆቡ ከውጭ ይቆረጥ ወይስ ከውስጥ? ይህ ሁሉ ድካም ለዚህ ነው ወይ የሚል ሰው አይጠፋም።

ከወረንጦ እንጀምር። የመንደር አንጥረኛ የሠራት፣ እሾህ ማውጫም የምትሆን ወረንጦ በብዙ የገጠር ቤት አለች፤ አንዳንዱ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። ፀጉር የገባባት እናት ልጇን ወይም ጎረቤቷን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ታስነቅላለች። ለጥቂት ሳምንታት እፎይ ትላለች፤ ፀጉሩ እንደገና ይበቅላል፤ እንደገና ታስነቅላለች። ሐኪሞች ይህን ለረጅም ዘመን ያልሠለጠነ ሰው ልማድ አድርገው ነበር የሚያዩት። የወረንጦዋ ጫፍና ጫፍ በደንብ ካልገጠመ ፀጉሩን ከሥሩ አይነቅለውም፣ መሃል ላይ ይሰብረዋል፤ አጭር የተሰበረ ፀጉር ደግሞ ከረጅሙ ይበልጥ ይወጋል። ስለዚህ ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ነገሩን ከቀዶ ሕክምና ጋር በደንብ መዝኖ ያየ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተመራማሪዎቹ ሳውል ራጃክ፣ እስማኤል ሃብታሙ፣ ማቲው በርተንና ባልደረቦቻቸው በአማራ ክልል መዘኑት። ከስድስት ያነሱ ፀጉሮች ዓይናቸውን የሚነኳቸው 1,300 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተደለደሉ። ዕጣ የዚህ ዓይነት ጥናት ምሰሶ ነው፤ ሐኪሙ «ይቺ የባሰባት ስለሆነች ትቀደድ» ብሎ ቢመርጥ ኖሮ የሚነጻጸረው ሕክምናው መሆኑ ቀርቶ የሐኪሙ ግምት ይሆን ነበር። የግማሾቹ ቆብ ተቀዶ ተስተካከለ። ለሌሎቹ ጫፉ የሚገጥም ደህና ወረንጦ ተሰጠ፤ ዓይኑ በቅርብ የሚያይ የቤተሰብ ሰውም እንዴት እንደሚነቀል ተማረ። ከ2 ዓመት በኋላ ሕመሙ የገፋባቸው ወይም መቀደድ ያስፈለጋቸው ከተቀደዱት 2.2 በመቶ፣ ከሚነቅሉት 13.2 በመቶ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው በግልጽ በልጧል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በማየት ችሎታም ሆነ በዓይን ጠባሳ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። የመንደሩ ዘዴ በደህና መሣሪያ ሲሠራ ዓይንን ያቆያል ማለት ነው። ስለዚህ መቀደድን የምትፈራ፣ የሚያጅባት ሰው ያጣች፣ ወይም «እህሉ ይግባና» የምትል እናት ወደ ጤና ጣቢያ ብቅ ስትል ተገሥጻ የምትመለስበት ምክንያት የለም። ወረንጦና ምክር ይዛ ትመለሳለች።

የክሩ ጥናት የተካሄደው በዚያው ሰሞን ነው። ሐር ክር ከሳምንት ገደማ በኋላ መውጣት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ታካሚዋ ሁለተኛ ጊዜ መንገድ መምታት ይኖርባታል። ራሱ የሚሟሟ ክር ይህን ያስቀራል፤ ቆቡንም ረዘም ላለ ጊዜ ደግፎ ይይዛል ተብሎ ስለታሰበ ፀጉሩ ተመልሶ እንዳይዞር ይረዳል የሚል ተስፋ ነበር። በ1,300 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱም ክር ከተሰፉት ከአምስት አንዱ ያህል ፀጉሩ ተመልሶበታል። ተስፋው አልሠመረም። የሚሟሟው ክር መንገዱን ማስቀረቱ ግን ቀላል ጥቅም አይደለም፤ መኪና ከማይገባበት ቀበሌ በእግሯ ለመጣች ሴት እንዲያውም ዋናው ጥቅም ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ።

ከአምስት አንዱ! ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን በአብዛኛው የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፤ የሚሠሩትም በጤና ጣቢያ ነው፣ አንዳንዴም ለዘመቻ በተዘጋጀ የትምህርት ቤት ክፍል። ታካሚዋ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ነርሱ ማጉያ መነጽሩን ያጠልቃል። «እማማ፣ ወደ እግርዎ ይመልከቱ፤ አይነቃነቁ» ይላል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው ቆዳውም ሥጋውም ውስጠኛው ሽፋንም፣ ቆቡ እንዳለ፣ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጥና ጠርዙ ወደ ውጭ ተዞሮ ይሰፋል። በሁለተኛው ቆቡ ይገለበጥና ጠባሳ ያለበት ውስጠኛው ክፍል ብቻ ይቆረጣል፤ ቆዳውን ቢላ አይነካውም። ያም ሆነ ይህ ዓላማው የልብስ ጠርዝ ቀልብሶ እንደመስፋት ነው፤ በጣም ቢቀለበስ ዓይን አይከደንም፣ ጥቂት ከጎደለ ፀጉሩ ተመልሶ ይገባል። ሁለቱም ዘዴዎች ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ኖረዋል፤ ሠልጣኙም የሚይዘው መምህሩ የለመደውን ነበር።

እስማኤል ሃብታሙና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ ጎጃም 1,000 ታካሚዎችን በዕጣ ደልድለው ሁለቱን ዘዴዎች አወዳደሩ። ውጤቱ በ2016 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በተባለው መጽሔት ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ ፀጉሩ የተመለሰባቸው ቆቡ እንዳለ ከተቆረጠላቸው 22 በመቶ፣ ከውስጥ ብቻ ከተቆረጠላቸው ግን 13 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ የመጣው ከአዲስ መሣሪያ ወይም ከውድ መድኃኒት ሳይሆን ቢላው ከሚገባበት አቅጣጫ ነው። በዚህ ውጤት መሠረት አዳዲስ ሠልጣኞች ከውስጥ የሚቆርጠውን ዘዴ እንዲማሩ ዓለም አቀፍ ምክር ተሰጠ። በሌላ አገር ምክሩን ተከትሎ የሚሠለጥን ነርስም የሚማረው በእነዚያ ሺህ የጎጃም ሰዎች ቆብ ላይ የተገኘውን ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ሌላ ግኝት ልጨምር። እስማኤል ታካሚዎቹን ስለ ኑሯቸውም ጠይቋል፤ ውሃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ ገበያ መሄድ፣ እንቅልፍ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የማየት ችሎታቸው ያልተሻሻለላቸው ሰዎች እንኳ ኑሯቸው ተሻሽሏል። የዓይን ሐኪም ሰሌዳ ላይ ያሉ ምልክቶችን እያስነበበ ነው የሚለካው፤ ለታካሚዋ ግን ጭስ ባለበት ጎጆ ተቀምጦ እንጀራ መጋገር መቻል ሌላ መለኪያ ነው።

ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንሻገር፤ እዚያ የተገኘው ብዙዎች ያልጠበቁት ነበር። ትራኮማን ከምንጩ ለማድረቅ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ነው። ለልጆች ሽሮፕ ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው በሚዛን ሳይሆን ምልክት ባለበት የቁመት መለኪያ እንጨት ነው። ልጁ እንጨቱ አጠገብ ይቆማል፣ ልኩ ይነበባል፣ እዚያው ይጠጣል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ተሾመ ገብሬ፣ ቶማስ ሊትማንና ባልደረቦቻቸው 72 መንደሮችን በዕጣ ደልድለው በዓመት ስንት ጊዜ ማደል እንደሚበጅ ያጠኑ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ በታደለባቸው መንደሮች የተያዙ ልጆች ቁጥር ከ41.9 በመቶ በ42 ወራት ውስጥ ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። ሁለት ጊዜ ማደሉ ከዚህ የተሻለ ውጤት አላመጣም።

ለጥናቱ የቤተሰብ ቆጠራ ይደረግ ስለነበር የሞቱ ልጆችም ይመዘገቡ ነበር። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆነው ትራቪስ ፖርኮ ያንን መዝገብ ሲያሰላው መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች በዓመት ከሺህ 4.1፣ ባልታደለባቸው 8.3 ሞተዋል። በግማሽ! መድኃኒቱ የተሰጠው ለዓይን ነው። ባክቴሪያ ግን ዓይን ላይ ብቻ አይኖርም፤ በሳንባም በአንጀትም ያለውን መድኃኒቱ ያገኘዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ብዙ ሰው ተጠራጠረ፤ መጠራጠሩም ተገቢ ነበር፤ የሙከራው ዋና ጥያቄ የልጆች ሞት አልነበረምና። ስለዚህ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ 190,000 ገደማ ሕፃናት የታቀፉበት ሙከራ ተጀመረ። በ2018 የወጣው ውጤት የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ፣ በኒጀር ለብቻው ደግሞ በ18 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ከጎንቻው ግማሽ ያነሰ ነው፤ ጎጃም ላይ የታየው ፍንጭ ግን ባዶ አልነበረም።

መድኃኒቱን ማደል ግን ዋጋም ያስከፍላል። በዚያው ወረዳ መድኃኒቱን በየ3 ወሩ በወሰዱ ልጆች አፍንጫ ውስጥ የሚኖረውና የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ መድኃኒቱን መቋቋም ሲጀምር ታይቷል፤ ከ3.6 በመቶ ተነስቶ በአንድ ዓመት 46.9 በመቶ ደረሰ። ማደል ሲቆም ደግሞ ትራኮማው ይመለሳል። የልጆችን ሞት ለመቀነስ «ለሁሉም ልጅ ይሰጥ» የሚለውን ሐሳብ ደስ ብሎኝ ብሰማውም፣ ይህ ቁጥር እያለ ዝም ብሎ መቀበል ይከብደኛል።

የፊት መታጠብና የመጸዳጃ ቤት ነገርስ? በዋግ ኽምራ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ውሃ እንዲገኝ ተደርጎ፣ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ተቀስቅሶ፣ ፊት መታጠብ ተሰብኮ ከ3 ዓመት በኋላ ሲታይ የተሠራባቸው ቀበሌዎች ካልተሠራባቸው ጋር ሲነጻጸሩ የኢንፌክሽኑ መጠን ልዩነት አልነበረውም። ውጤቱ በ2022 ታትሟል። «እንግዲህ ፊት አንታጠብ» የሚል ድምዳሜ ከዚህ አይወጣም፤ አውሮፓ ከትራኮማ የተገላገለችው መድኃኒቱ ከመፈጠሩ በፊት በኑሮ መሻሻል ነውና። ጥናቱ የሚለው በሽታው በጸናበት አገር በ3 ዓመት ውስጥ በዚህ ብቻ የሚመጣ ለውጥ አለመታየቱን ነው።

ሞሮኮ፣ ጋና፣ ማላዊና ማሊ ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አውጥተናል ብለው በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል፤ ለዚህ ከሚጠየቁት መስፈርቶች አንዱ ንቁ በሽታ ያለባቸው ልጆች ከ5 በመቶ በታች መሆናቸው ነው። አማራ ክልል ውስጥ እዚያ የደረሱ ወረዳዎች አሉ፤ ከዓመታት እደላ በኋላም እንቢ ያሉ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለው ግጭትም የመድኃኒቱንም የቀዶ ሕክምናውንም ቡድን በየመንገዱ አስቀርቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከፊት ያለው ከባዱ ሥራ አንድ ጊዜ ተቀደው ፀጉሩ የተመለሰባቸው ሰዎች ጉዳይ ይመስለኛል። ጠባሳ ላይ ጠባሳ ስለሚሆን ሁለተኛውን ጊዜ መሥራት ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ለዚያ የተለየ ልምድ ያለው እጅ ያስፈልጋል፤ ሰዎቹም «አንዴ ሞክሬው አልሆነም» ብለው ወደ ወረንጦዋ ተመልሰዋል። እነሱን ቤት ለቤት ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም ማን ይሥራላቸው የሚለውን መመለስ የአሁኑ ጥያቄ ነው።