ማሰሮ የሌለው ዘንባባ

የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ የወላይታ ሶዶም ተራ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ የሆነችው ከተማ ዛሬ ወሬዋ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ችግኝ ነው። የአዲስ አበባን አደባባዮች በትልልቅ ዘንባባ ተሞልተው ያየ ሰው ትንሹን ዘንባባ ሳሎኑ ቢያስገባ አይገርምም። የሚገርመው ያለ ማሰሮ ማስገባቱ ነው፤ ሥሩ በአፈር ኳስ ተድቦልቡሎ፣ ኳሱ አረንጓዴ ሞስ ለብሶ፣ ሰሃን ላይ ተቀምጦ ወይም በክር ተንጠልጥሎ። ጃፓኖቹ ኮኬዳማ ይሉታል፤ የሞስ ኳስ ማለት ነው።

ስለ አመጣጡ ብዙ አልልም። በቦንሳይ (እየተከረከመ በሚያጥር ዛፍ) ማሰሮ ውስጥ ቆይቶ ሥሩ አፈሩን ጥርቅም አድርጎ የያዘ ተክል ከማሰሮው ይወጣና እንዳለ ሰሃን ላይ ይቀመጣል፤ ልማዱ ከዚያ የተወለደ ነው። ሳሎናችንን የሞላው ቴሌቪዥን ሥር አቧራ የሚጠጣው የፕላስቲክ አበባ ነው። ደግሞስ ዘንባባ ለቤታችን እንግዳ ነው? በሆሳዕና ቀለበትና መስቀል ሆኖ ይገባል፤ ከሥዕሉ ጀርባ ደርቆ ይከርማል። እንግዳው ነገር በሕይወት መግባቱ ነው።

ችግኝ ሻጭ በደፈናው «ፓልም» ሲል ከአንድ በላይ ተክል ማለቱ ነው። አሬካ የማዳጋስካር ነው፤ ብርሃን ይወዳል፣ ቶሎም ያድጋል፣ ለኳስ አይመችም። የሆሳዕናው ዘንባባ እሾህ አለው፤ ወንዝ ዳርና ፀሐይ ይሻለዋል። ለኳስ የሚሆነው የሳሎን ፓልም የሚባለው፣ የሜክሲኮና የጓቲማላ ደን ጥላ ያሳደገው ትንሹ ነው። አየር ያጣራል እየተባለ መሸጡን ግን አልወድም። እ.ኤ.አ. በ1989 የናሳ ተመራማሪዎች የሞከሩት በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ መስኮቱ የተከፈተ ሳሎን ሣጥን አይደለም። ማማሩ ይበቃዋል።

ዋናው ጭቅጭቅ ውሃ ላይ ነው። ሞስ ሥር የለውም፤ የሚጠጣው በቅጠሉ ስለሆነ አየሩ ራሱ እርጥብ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ፓልሙ ደግሞ ሥሩ ውሃ ላይ ከሰነበተ ይበሰብሳል። አንዱ የሚድንበት ሌላውን ይገድላል። የመጀመሪያዬን የገደልኩት እኔው ነኝ፤ ሞሱ እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ሳጠጣ ከረምኩና በሦስተኛው ወር የመሐሉን ቅጠል ሳብ ባደርገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሸተተኝ፤ የበሰበሰ ጎመን ይሸታል። ዘንባባ የሚያድገው ከጫፉ ካለችው አንዲት እንቡጥ ነው፤ እሷ ከሄደች ከጎን የሚተካት የለም። እንደ ቦንሳይ ከርክሜ አሳጥረዋለሁ ማለትም ለዚሁ ነው የማይሆነው።

ኳሱን ሲሠሩ ሥሩን አጥቦ ማራቆትም ለሌላው ተክል ይሆን ይሆናል፤ ለፓልም አልመክርም፤ የተቆረጠ ሥሩ እንደ ዛፍ ሥር በቀላሉ አያገግምም። የነበረበትን አፈር እንደያዘ፣ ከላዩ አዲስ ጭቃ መለሰን ይሻላል። ለጭቃው ወላይታ የታደለች ናት። ጃፓኖች ለቦንሳይ የሚፈልጉት አፈር አካዳማ ይባላል፤ ቀይ ኳስ ማለት ነው። የወላይታ ቀይ አፈር እንዳለ አካዳማ ባይሆንም ሲያቦኩት ይጣበቃል፣ ሲያድበለብሉት ቅርጽ ይይዛል። ብቻውን ግን ውሃ ስለሚያፍን የከሰል ፍርካሽና የበሰበሰ ፍግ ይደባለቅበታል። ማሰሪያውም ከግቢ አይጠፋም። ቤቱን ተጠግቶ ፍግና ጥራጊ የሚበላው ማሳ ዳርኳ ይባላል፤ እንሰቱ ያለው እዚያ ነው፤ ከእንሰቱ የሚፋቀው ቃጫ ደግሞ ከናይለን ክር ይልቅ ኳሱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ናይለኑ አይበሰብስም፤ ሲቆይ ግን ሥር ይቆርጣል።

የሚጎድለው ሞሱ ነው፤ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የት አለ ቢሉ ዳሞታ ተራራ ላይ፣ ጥላው ባልጠፋበት ገደልና ግንድ ላይ። አንድ ከረጢት ሞስ ገፍፎ መውረድ ቀላል ነው። ተመልሶ እስኪለብስ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ደኖች ሞስ ለአበባ ነጋዴ ሲገፈፍ የታየው ይኸው ነው። ጥላ መልሶ ማግኘትስ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ከሶዶ በስተደቡብ ያለው ሁምቦ ይመስክር። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብት ተከልሎ፣ አፈር ውስጥ የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተደርጎ ደን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርበን መዝገብ ሰፈረ። ለመመለስ ያን ያህል የሚያለፋውን ነገር ለሳሎን ጌጥ ልጣጭ ልጣጩን ማውረድ ለእኔ አይዋጥልኝም። በክረምት ግቢ ውስጥ ጥላ ያለበት የድንጋይ አጥርና የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ጥግ በቂ ሞስ ያበቅላል፤ ከዚያ ቁራጭ አንሥቶ በእርጎ ለውሶ ኳሱ ላይ ማባዛት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ሞክሬ ያገኘሁት ሽታ ብቻ ነው።

ስለዚህ በበጋ ሞሱን ተውኩት። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አየሩ ሲደርቅ ምን ቢረጩት ይቦንናል። በምትኩ ደረቅ ኮባ ጠቀለልኩበት፤ ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት፣ የወላይታ ገበያ ላይ ቅቤ የሚታሠርበት ያው የእንሰት ቅጠል። ለጃፓኑ ባለሙያ ኮኬዳማ አይባልም ይሆናል። ኮኬው፣ ማለትም ሞሱ፣ የለማ። ፌስታልን የሚከለክል ሕግ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ግን ችግኝን ያለ ጥቁር ፕላስቲክ መያዝ ተራ ጨዋታ አልመስልህ ብሎኛል።

አሁን ያለኝ ፓልም ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በቀን መቁጠር ትቼ ኳሱን በእጄ አነሣዋለሁ፤ እንደ ባዶ ጣሳ ከቀለለኝ ባልዲ ውስጥ እነክረዋለሁ። አረፋው ብልቅ ብልቅ እያለ ይወጣል። ሲቆም አውጥቼ ወንፊት ላይ አንጠፈጥፈውና ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ ሰሃኑ ላይ እመልሰዋለሁ። ቃጫው ትናንት አንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል፤ በስንጥቁ ነጭ ሥር ብቅ ብሏል።